አለቃ ልጃቸው ውስጥ የሚያገኙት ንግግር

በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ በእንግሊዝ አገር ብዙ ቤቶች ውስጥ አንድ ዓይነት ሥርዓት ይካሄድ ነበር። «ኦብዘርቨር» የተባለው የእሑድ ጋዜጣ ይገዛል፣ ሻይ ይቀዳል፣ «ቻምበርስ» የሚባለው ወፍራም መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። ከዚያ እርሳስና ላጲስ ይዞ 12 በ12 በሆነው የመስቀለኛ ቃላት ሰንጠረዥ ላይ ማቀርቀር ነው። ከቃላቱ ብዙዎቹን ተራው እንግሊዛዊ በዕድሜው ሰምቷቸው አያውቅም። የስኮትላንድ ገበሬ የሚናገረው አሮጌ ቃል ይኖራል፤ ከሕንድ የመጣ የጨርቅ ስም ይኖራል፤ ሼክስፒር አንድ ጊዜ ተጠቅሞበት የተረሳ ግሥ ይኖራል።

ፈታኙ ሥራ ግን የሚጀምረው ሰንጠረዡ ሞልቶ ካለቀ በኋላ ነው። ከፍንጮቹ መካከል አንዷ ኮከብ ተደርጎባታል። ሌሎቹ ምስጢር ለብሰው ሲቀርቡ እሷ ደረቅ ፍቺ ብቻ ይዛ ትቀመጣለች። ለዚያች ቃል ምስጢራዊ ፍንጭ መጻፍ የፈቺው ድርሻ ነው። እስካሁን ሲጠየቅ የቆየው ሰው በተራው ጠያቂ ይሆናል። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ምናልባት ስድስት ወይም ሰባት ቃል፤ ለዚያ ሲባል ግን እሑድ ያልቃል፣ ሰኞም በአውቶቡስ ላይ ሲታሰብ ይዋላል። በመጨረሻ ፍንጩ ከነማብራሪያው ፖስታ ውስጥ ይገባል።

ፖስታውን ይከፍት የነበረው ዳኛ አንድ ሰው ነው፤ ጆናታን ክራውዘር ይባላል። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሆኖ የሠራ ባለሙያ ሲሆን አንባቢ የሚያውቀው «አዜድ» በሚለው የብዕር ስሙ ነው። የመጀመሪያ እንቆቅልሹ በ1972 ማርች ላይ ወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በየወሩ በመቶ የሚቆጠሩ ፍንጮችን አንድ በአንድ አንብቧል። አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ይመርጥ ነበር፤ ቀጥለው «እጅግ የተመሰገኑ»፣ ከእነሱ ቀጥለው ደግሞ «የተመሰገኑ» ይባሉ ነበር። የአንድ ወር አሸናፊ ዋንጫውን ይረከብ፣ በሚቀጥለው ወር ለተረኛው ያስረክብ ነበር። የዓመቱ ውጤት ተደምሮም የክብር መዝገብ ይወጣ ነበር።

ከዋንጫው ይበልጥ የሚጠበቀው ግን «ስሊፕ» የሚባለው ወረቀት ነበር። በዚያ ላይ አዜድ ያሸነፉትን ፍንጮች ያትም፣ የወደቁት ለምን እንደወደቁ ያስረዳ ነበር። ይህኛው አንድ ትርፍ ቃል አለበት፤ ያኛው ፍቺው ልክ አልገጠመም፤ የሌላው ሐሳብ ድንቅ ነው፣ ሰዋስዉ ግን አያስኬድም። ለአንዲት ቃል ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚሰጥ መምህር ማግኘት ብርቅ ነው። ተወዳዳሪዎቹም ከዓመት ዓመት የሰለጠኑት በዚህ እርማት ነው።

ምስጢራዊ ፍንጭ ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ሰምና ወርቅ ነው። ላዩ ተራ ዓረፍተ ነገር ይመስላል። ስለ አበባ፣ ስለ ሰካራም ቄስ ወይም ስለ ተሰበረ ወንበር ይናገራል። ይህ ሰሙ ነው። ውስጡ ግን መመሪያ ነው፤ ፊደላቱን እንዲህ አድርጋቸው፣ ከዚህ ቃል ጭራውን ቁረጥ፣ ያንን ገልብጥ ይላል። ይህ ወርቁ ነው።

እንግሊዞች ዘወትር የሚጫወቱበትን አንድ ቃል እንውሰድ። «ፍላወር» አበባ ማለት ነው። ነገር ግን «ፍሎው» መፍሰስ ነው፣ መጨረሻው ላይ የሚጨመረው «ኧር» ደግሞ አድራጊውን ያመለክታል። ስለዚህ በጽሑፍ ያው አንድ ቃል «የሚፈስስ» ተብሎም ሊነበብ ይችላል። «የለንደን አበባ» የሚል ፍንጭ ያየ ጀማሪ ጽጌረዳ ፍለጋ ይሄዳል፤ መልሱ ግን የቴምዝ ወንዝ ነው። «ሰከረ»፣ «አበደ»፣ «ተሰበረ» የሚሉ ቃላት በፍንጭ ውስጥ ሲታዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ አጠገባቸው ያሉት ፊደላት ይበተኑና እንደገና ይደርደሩ ማለት ነው።

ሌላ ምሳሌ ብዙ እንግሊዞች በቃላቸው ያውቁታል። ፍንጩ ስምንት ፊደላት ብቻ ነው፤ ኤች፣ አይ፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል፣ ኤም፣ ኤን፣ ኦ። የሚፈለገው ባለ አምስት ፊደል ቃል ነው። ፊደላቱ ከኤች ተነሥተው እስከ ኦ ይደርሳሉ። «እስከ» በእንግሊዝኛ «ቱ» ነው፣ ቁጥር ሁለትም «ቱ» ነው። «ኤች ቱ ኦ» ሲባል የኬሚስትሪ ትምህርት የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል፤ ውሃ ነው።

መስቀለኛ ቃላት ሲወለድ እንዲህ ያለ ምስጢር አልነበረበትም። የሊቨርፑል ተወላጁ አርተር ዊን በ1913 ዲሴምበር 21 «ኒው ዮርክ ወርልድ» በተባለው ጋዜጣ ላይ የመጀመሪያውን ሲያወጣ ሰንጠረዡ በአልማዝ ቅርጽ የተሠራ፣ ፍንጮቹም ተራ ፍቺ ነበሩ። ጨዋታው አትላንቲክን ተሻግሮ እንግሊዝ ከገባ በኋላ በ1920ዎቹ አጋማሽ ኤድዋርድ ፓውይስ ማዘርስ የተባለ ገጣሚና ተርጓሚ እጅ ላይ ወደቀ። እሱም ራሱን «ቶርኬማዳ» ብሎ ሰየመ። ቶርኬማዳ የስፔን ኢንኩዊዚሽን፣ ማለትም ሰውን በሃይማኖቱ የሚመረምረውና የሚያሠቃየው ፍርድ ቤት፣ የመጀመሪያው ዋና መርማሪ ስም ነው። ስሙን በከንቱ አልመረጠውም። ከ1926 ጀምሮ በኦብዘርቨር ላይ ያወጣቸው እንቆቅልሾች ፈቺውን በእርግጥ ያሠቃዩ ነበር። በ1934 ደግሞ 100 ገጽ ያለው የግድያ ታሪክ ጽፎ ገጾቹ ተዘበራርቀው እንዲታተሙ አደረገ። በትክክል ለደረደረ የተዘጋጀው ሽልማት 15 ፓውንድ ነበር፤ በዚያ ዘመን ሁለት ሰዎች ተሳካላቸው።

የቶርኬማዳ ችግር ሕግ የሌለው መሆኑ ነበር። ፍንጩ ከየት ወዴት እንደሚመራ አንዳንድ ጊዜ እሱ ብቻ ነበር የሚያውቀው። በ1939 ሲሞት ቦታውን የያዘው ዴሪክ ማክነት፣ ክራይስትስ ሆስፒታል በተባለው ትምህርት ቤት ግሪክኛና ላቲን ያስተምር የነበረ ሰው፣ ከሌላ መርማሪ ስም ወስዶ «ዚሜኔስ» ተባለ። ጥያቄ ከባድ ይሁን፣ ነገር ግን ሚዛኑ የቀና ይሁን የሚለውን መርሕ ያጸናው እሱ ነው። ፍንጭ የመጻፍ ውድድርም የዚህ ጋዜጣ ባህል የሆነው በእሱ ዘመን ነው። የሦስተኛው ስምም ከዚያው ሐረግ ተመዝዟል። ዲዬጎ ዴ ዴዛ ሌላ ዋና መርማሪ ነበር፤ «ዴዛ» በላቲን ፊደል ተጽፎ ከኋላ ወደፊት ሲነበብ «አዜድ» ይሆናል፣ ደግሞም የእንግሊዝኛን የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደል ይዟል።

ዚሜኔስ በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራውን ሕግ አዜድ በሦስት ነገር አጠቃለለው። ጥሩ ፍንጭ ትክክለኛ ፍቺ ይኖረዋል፤ ወደ መልሱ የሚያደርስ ሁለተኛ መንገድ ይኖረዋል፤ ከእነዚህ ሌላ ምንም አይኖረውም። ከሦስቱ ከባዱ የመጨረሻው ነው። ሰሙ እንዲያምር ተብሎ የገባች አንዲት ቃል እንኳ፣ በወርቁ ውስጥ ሥራ ከሌላት፣ ፍንጩን ታስጥለዋለች።

አፍሪት በሚል ስም የሚታወቀው ሌላው አንጋፋ ደራሲ፣ ሪቺ፣ ከዚህ ቀደም ብሎ በ1949 ያስቀመጠው ሐሳብም በዘርፉ ሰዎች አፍ ላይ አለ። ጠያቂ ያልሆነውን እንደሆነ ሊያስመስል ይችላል፤ ቃል በቃል የጻፈው ግን እውነት መሆን አለበት። ፈቺው ተታልሎ ሲያበቃ ተመልሶ ቢያነበው፣ ተጽፎልኝ ነበር እኮ ማለት አለበት። አልተጻፈም ነበር ካለ ጥፋቱ የጠያቂው ነው።

ጥብቅነቱ የት ድረስ እንደሚሄድ አንድ የከተማ ስም ያሳያል። በሰሜን እንግሊዝ ጌትስሄድ የሚባል ከተማ አለ። ስሙ ለሁለት ቢከፈል «ጌትስ ሄድ»፣ «የጌት ራስ» ይሆናል፤ የ«ጌት» ራስ ደግሞ «ጂ» የሚለው ፊደል ነው። አንዳንድ ጠያቂዎች በዚህ ይጠቀማሉ። የዚሜኔስ ተከታዮች ግን አይቀበሉትም፤ አንድ ሆኖ የታተመን ቃል ሁለት ነው ብሎ ማንበብ ከተጻፈው ውጭ መሄድ ነው ይላሉ። በሌላው ወገን «ጋርዲያን» ላይ ከ1958 ጀምሮ ይጽፉ የነበሩት ቄስ ጆን ግራሃም፣ በብዕር ስማቸው «አራውካሪያ»፣ ለዘብ ያለውን መንገድ ይዘው በሰፊው ተወደዱ። በ2013 ጃንዋሪ በወጣ እንቆቅልሻቸው መግቢያ ላይ ደራሲው የቁጥር 18 ሕመም ቁጥር 19 ላይ እንዳለባቸው የሚገልጽ ማስታወሻ ሰፍሮ ነበር። አንባቢዎች ሰንጠረዡን ሲሞሉ የወጣው ካንሰርና የምግብ ቧንቧ ነበር። የ91 ዓመቱ ቄስ መታመማቸውን ለዘመናት ሲያጫውቷቸው ለኖሩ ሰዎች ያረዱት በዚያው በለመዱት ቋንቋ ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አረፉ።

ለውድድር የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ የሚመኙት የፍንጭ ዓይነት ግን ሰሙና ወርቁ አንድ የሆኑበት ነው። ፍንጩ ሙሉ በሙሉ ፍቺ ነው፤ ሙሉ በሙሉም የፊደል ጨዋታ ነው። የዚህን ውበት ለማየት አንድ የታወቀ የፊደል ብወዛ ይበቃል። «ኢለቨን ፕላስ ቱ»፣ አሥራ አንድ ሲደመር ሁለት፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ፊደላቱ ቢበወዙ «ትዌልቭ ፕላስ ዋን»፣ አሥራ ሁለት ሲደመር አንድ ይወጣል። ሁለቱም ድምራቸው 13 ነው። ፊደላቱም ቢቆጠሩ በሁለቱም ወገን 13 ናቸው። ይህን ማንም አልፈጠረውም፤ ቋንቋው ውስጥ ተኝቶ ነበር፣ አንድ ሰው አገኘው። ተወዳዳሪዎቹ እሑድ ሙሉ የሚቆፍሩት እንዲህ ያለውን ነው።

ከቆፋሪዎቹ አንዱ ኮሊን ዴክስተር ነበር። በኦክስፎርድ የፈተና ቦርድ ሠራተኛ፣ ጆሮው እየደከመ የሄደ የቀድሞ መምህር ነበር፤ በዚሜኔስና በአዜድ ውድድሮች ስሙ በተደጋጋሚ ከፊት ይገኝ ነበር። በ1975 የመጀመሪያውን የወንጀል ልብ ወለዱን ሲያሳትም ዋናውን መርማሪ «ሞርስ» አለው። ሰር ጄረሚ ሞርስ በኋላ የሎይድስ ባንክ ሊቀ መንበር የሆኑ ሰው ሲሆኑ በፍንጭ ጽሑፍ የዴክስተር ብርቱ ተፎካካሪ ነበሩ። የመርማሪው ረዳት «ልዊስ»ም ስሙን ያገኘው ከሌላ ተወዳዳሪ የብዕር ስም ነው። የሞርስ የክርስትና ስም ለሃያ ዓመት ያህል ተደብቆ ቆየ። በ1996 በወጣው መጽሐፍ ሲገለጥም በፍንጭ ተገለጠ። ገጸ ባሕርዩ የሕይወቱ ጥረት ሁሉ በሔዋን ዙሪያ ሲሽከረከር እንደኖረ ይናገራል። «በሔዋን ዙሪያ» በእንግሊዝኛ «አራውንድ ኢቭ» ነው፤ ዘጠኙ ፊደላት ሲሽከረከሩ «ኢንዴቨር» ይሆናሉ፣ ትርጉሙ ጥረት ነው። የአንድ ብቸኛ ሰው ታሪክ በሙሉ በአንድ ፍንጭ ውስጥ ገባ።

ይህን ሁሉ ያነበበ አማርኛ ተናጋሪ አንድ ጥያቄ ሳያነሣ አያልፍም። በኛስ ቋንቋ?

በጋዜጦቻችን የሚወጡት መስቀለኛ ቃላት ከአርተር ዊን ዘመን ፈቀቅ አላሉም። የአገር ዋና ከተማ፣ የእንስሳ ስም፣ የ«ሄደ» ተቃራኒ ይጠየቃል። ፊደላችን አይመችም የሚል ምክንያት ሊቀርብ ይችላል፤ እንግሊዝኛ 26 ፊደል ሲኖረው የኛ 33 በ7 ነው፣ አንዷ ሳጥን «ለ» ትሁን «ላ» በመተላለፊያው ላይ ልዩነት ታመጣለች። እውነት ነው፣ ሰንጠረዥ ማዋቀሩን ያከብደዋል። ፍንጭ መጻፉን ግን አያከብደውም። የሦስት ፊደል ግሦቻችን በኃላፊ ጊዜ ብዙዎቹ በግዕዝ ፊደል ስለሚጻፉ እንደ ጠጠር ይበወዛሉ። ጠለፈ፣ ለጠፈ፣ ፈለጠ። ለበሰ፣ በሰለ። መከረ፣ ከመረ፣ ከረመ። ከመጨረሻው ተነሥቶ ፍንጭ ቢጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «መከረ፣ ታውኮ እስከ መስከረም ቆየ (3)»። «መከረ» የሚለው ቃል ይታወክ፣ «እስከ መስከረም ቆየ» የሚል ፍቺ ያለው ግሥ ይወጣል፤ ከረመ። ሥራ ፈት ቃል የለበትም።

ማጥበቅና ማላላት በጽሑፍ አለመታየታቸው ደግሞ ለዚህ ጥበብ የተሰጠ ሀብት ነው። «የልደት በዓል አልደረሰም (2)»። መልሱ ሁለት ጊዜ ተነግሯል፤ ገና፣ ገና። ሲነበብ ግን በኅዳር ወር የተነገረ ተራ ወሬ ነው። እዚህ ላይ አዜድን የመሰለ ዳኛ ቢኖረን ብዕሩን ያነሣ ነበር። «አልደረሰም» ግሥ ነው፣ «ገና» ደግሞ ተውሳከ ግሥ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ይስተካከል ከተባለ «የልደት በዓል እስካሁን (2)» ማለት ይቻላል፤ ሕጉ ይጸናል፣ ሰሙ ግን ይፈዝዛል። ተወዳዳሪ ሌሊቱን የሚያጣው በዚህች መካከል ነው።

የተደበቀ ቃልም ይሠራል። ቃሉ «ቃል» ነው እንበል። ሁለቱን ፊደሎች በተከታታይ የያዙ ሁለት ቃላት ይፈለጋሉ፤ የመጀመሪያው በ«ቃ» የሚያልቅ፣ ሁለተኛው በ«ል» የሚጀምር። አለቃ፣ ልጅ። ከዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ይወጣል፦ «አለቃ ልጃቸውን ሲመክሩ በመሃል ያመለጣቸው ንግግር»። ደስ ይላል፣ ነገር ግን «ሲመክሩ» ለወርቁ ምንም አይሠራም፤ ትርፍ ነው፣ ይውጣ። ሁለተኛው ሙከራ፦ «አለቃ ልጃቸው ውስጥ የሚያገኙት ንግግር (2)»። አሁን እያንዳንዷ ቃል ሁለት ጊዜ ትሠራለች። «የሚያገኙት» በሰሙ አለቃ ናቸው፤ በወርቁ ግን አንቱ የተባለው አንባቢው ራሱ ነው። «አለቃ ልጃቸው» በሚለው ሐረግ ውስጥ እርስዎ የሚያገኙት፣ ንግግር የሚል ፍቺ ያለው ቃል። የአክብሮት አነጋገራችን ለሩቁም ለቅርቡም አንድ መሆኑ በእንግሊዝኛ የማይገኝ በር ከፈተልን።

ክርክርም አይጠፋም። «ራስ» ሲገለበጥ «ስራ» ይሆናል፣ ግሩም ፍንጭ ይወጣዋል። ነገር ግን ጥንቁቁ ጸሐፊ «ሥራ» የሚለውን በንጉሡ «ሠ» ነው የሚጽፈው፤ ፍንጩ ይጽደቅ ወይስ ይውደቅ? እንግሊዞች እንዲህ ያለ ጠብ ሲነሣ ቻምበርስን ገልጠው ይፈርዳሉ። ለኛም መዛግብት አሉን፤ የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል መዝገበ ቃላት በ1993 ዓ.ም. ታትመዋል። አንዱን መርጦ ሕግ ማድረግ የአዘጋጁ ፈንታ ነው።

ቅኔ ቤትን ከዚህ ጋር ማስተያየት በጥንቃቄ ነው። ቅኔ ምስጋና ነው፣ ትምህርት ነው፣ በመቅደስ የሚቀርብ መሥዋዕት ነው፤ መስቀለኛ ቃላት ጨዋታ ነው። የአሠራሩ ዝምድና ግን አይካድም። ዋሸራ ወይም ጎንጅ የገባ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ይሰማል፣ ያርማል፣ የላላውን ይጥላል። አንድ ጊዜ የተነገረ ቅኔም አይደገምም፤ ለዕለቱ አዲስ መቆጠር አለበት። ኦብዘርቨር ከ1940ዎቹ ጀምሮ የያዘው ልማድ፣ ማለትም አዲስ ፍንጭ፣ አንድ ዳኛ፣ በጽሑፍ የሚሰጥ እርማት፣ በኛ አገር ዛፍ ሥር ከዚያ በፊት ለብዙ ትውልድ ሲሠራበት ኖሯል።

የጋዜጣ አዘጋጆች ሊያደርጉት የሚገባው ነገር ትልቅ አይደለም። በወር አንድ ቃል፣ አንድ ጥብቅ ዳኛና አንድ ዓምድ ይበቃል። ሽልማቱ መጽሐፍ ቢሆን ያስከብራል። ዓምዱ ውስጥ ግን አሸናፊው ብቻ ሳይሆን የወደቁትም ፍንጮች ከነምክንያታቸው ይታተሙ፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው።

እስከዚያው አንባቢ በቤቱ ይጀምር። ቃሉ «ልብ» ነው። ከኋላ ወደፊት ሲነበብ ልብስ የሚበላው «ብል» መሆኑን ልብ ይበሉ። ከስምንት ቃል ያልበለጠ አንድ ፍንጭ ይጻፉ፤ ፍቺው ትክክል ይሁን፣ መንገዱ ይኑር፣ ትርፍ ቃል አይኑር። ከዚያ መልሱን ለማያውቅ ሰው ይስጡት፤ ካቃተው «አገር ስጠኝ» ይበሉት።